ሠላሳ ስምንት ሰው በአንድ ስልክ

ይህ ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ሰኔ ገባ በተባለበት ሰሞን ነው። እስከዛሬ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ «ስልክ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ባልኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ትዝ ሲለኝ ደግሞ አንዴ ያናድደኛል፣ አንዴ ያኮራኛል። ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

የምሠራው ሚዛን አማን ውስጥ፣ በአንድ የግል የቡና ችግኝ ማፍያ ነው። ባለቤቱን ጋሽ ጌታሁን እንላቸዋለን። የእኔ ሥራ ትዕዛዝ መመዝገብ ነው። ትዕዛዝ በሦስት መንገድ ይመጣል፤ ባንኮኒ ላይ መጥቶ የሚመዘገብ አለ፣ ደውሎ የሚያስመዘግብ አለ፣ በቴሌግራም የሚልክም አለ። ባንኮኒው የራሱ መዝገብ፣ ስልኩ የራሱ ደብተር ነበረው። ቴሌግራሙ ደግሞ እዚያው ስልኬ ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል። አንድ ሰው በሦስቱም ቢመዘገብ የሚታወቅበት መንገድ አልነበረም።

ይህን የነቁ ደላሎች ካቻምና ጉድ ሠሩን። በሰው ስም እየተመዘገቡ ችግኙን ወሰዱና ቴፒ ገበያ ላይ አውጥተው ቸረቸሩት። ጋሽ ጌታሁን እርር ድብን አሉ። ከዚያ ወዲህ «ለአንድ ሰው ከሦስት መቶ ችግኝ በላይ የለም» የሚል ሕግ አወጡ። ሕጉን የሚጠብቅላቸው ደግሞ ሲስተም ገዙ። ትዕዛዙን፣ ክምችቱን፣ ደንበኛውን ሁሉ አንድ ቦታ የሚይዝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ማለት ነው።

ሲስተሙን የሚተክልልን ቢኒያም የሚባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ብቻ ሁሉ ነገር ይቀለዋል። እኔ መዝገቡንና ደብተሩን ኤክሴል ላይ ገልብጬ ጠበቅኩት። ቀጣዩን ሥራ «ማፒንግ» ይለዋል። ሲስተሙ ለደንበኛ መረጃ የተዘጋጁ ባዶ ሳጥኖች አሉት፦ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ብዛት። የእኛ የትኛው ነገር ከየትኛው ሳጥን ጋር እንደሚገናኝ መወሰን ነው። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እየነገርኩት እሱ ያገናኛል።

«ሰኒ፣» አለኝ፤ «አንድን ሰው ከሌላው የምንለይበት ነገር ስጪኝ። በሦስቱም መንገድ የሚገኝ፣ የማይደገም።»

ስም አይሆንም። አንዱ ከነአባቱ ይነግረኛል፤ አንዷ «የማርታ እናት ብለሽ ጻፊኝ» ትላለች፤ ቴሌግራም ላይ ያለው ስም ደግሞ ዙሪያውን አበባና ልብ ነው። የመታወቂያ ቁጥርማ ማን ጠይቆ ያውቃል?

«ስልክ ቁጥር» አልኩት።

እኔ ነኝ ያልኩት። አማን ተወልጄ፣ አማን ያደግኩት እኔ። ቢኒያም ከአዲስ አበባ ነው የመጣው፣ ምን ያውቃል? እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ አልደብቀውም።

ቢኒያም ስልክ ቁጥሩን መለያ አደረገው። አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸውን ሁሉ ሲስተሙ እንደ አንድ ሰው ይቆጥራል፤ ከአንድ በላይ ትዕዛዝ ካገኘም የቀረውን ይሰርዛል። ስሙን በተመለከተ፣ ቁጥሩ ቴሌግራም ላይ ካለ ከቴሌግራም ይወስዳል፤ ከሌለ መጨረሻ የተመዘገበውን ይይዛል። አንዷን ቁልፍ ተጫነና የደንበኞቻችን ብዛት ዓይናችን እያየ ቀነሰ።

ጋሽ ጌታሁን እጃቸውን አፋተጉ። «አየሽ? ይሄ ሁሉ ደላላ ነበር ማለት ነው!»

እኔም አብሬ ሳቅኩ። አፈር በበላሁ።

«በይ እነዚያን አሮጌ መዝገቦች ለጎረቤቱ ባለሱቅ ለቅመማ ቅመም መጠቅለያ ስጫቸው» አሉኝ። እሺ አልኩና መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። እጄ የጻፈበትን ወረቀት መጣል አይሆንልኝም። እናቴ በዚህ ስታሾፍብኝ ነው የኖረችው።

ቢኒያም በሄደ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንዲት ሴት ባንኮኒዬ ፊት ቆመች። አርባዎቹ ውስጥ ትሆናለች። ቦቲዋ እስከ አፉ ጭቃ ነው። ስልኳን በፌስታል ጠቅልላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ከሸኮ አለፍ ብሎ ከሚገኝ ቀበሌ በሌሊት ተነስታ ነው የመጣችው። ስሟን አስቴር አለችኝ።

«እህቴ፣ መልእክት ገባልኝ» አለች። «ሠላሳ ሰባት መልእክት። ሁሉም ‹ትዕዛዝዎ ተሰርዟል› ይላል። ለማንም አልነገርኩም። ሰዉ ጉድጓድ ቆፍሮ ጨርሷል፣ ምን ብዬ ልንገር?»

ቁጥሯን አስገባሁ። ማያው ላይ አንድ ስም ወጣ፣ አስቴር። ከሥሩ ሠላሳ ስምንት ትዕዛዝ። አንዱ ጸድቋል፣ ሠላሳ ሰባቱ ተሰርዟል። ዙሪያው ሁሉ ቀይ።

ጋሽ ጌታሁን ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። ቀዩን ሲያዩ የካቻምናው ንዴት እንደ አዲስ ተነሳባቸው።

«አንቺ ነሻ! ሠላሳ ስምንት ጊዜ የተመዘገብሽው አንቺ ነሽ?»

«ጋሼ፣ እሱ የእኔ ሳይሆን...»

«ዝም በይ! አምናም እንዲሁ ብላችሁ ነው ያራቆታችሁን። ሌባ! ሦስት መቶሽን ውሰጂና ውጪልኝ። የቀረውን ዓርብ ለተጠባባቂዎች ነው የማድለው።»

ቢሮው ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው ነበር። ሁሉም ዞሮ አያት። አንዱማ «እነዚህ ናቸው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አስቴር አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ፌስታሉን አጥብቃ ያዘች።

«ሌባ ያሉኝ ሰው ፊት ነው» አለች ቀስ ብላ። «የሚመልሱትም ሰው ፊት ነው።»

ወጣች። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ቃሏ አይደለም ያደረቀኝ፣ ድምፅዋ ነው። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። የት ነው የማውቀው?

ከዚያ መጣልኝ። ጥር ላይ ትዕዛዝ ስናረጋግጥ ወደዚያ ቀበሌ በደወልኩ ቁጥር አንዲት ሴት ታነሳለች። «ጳውሎስን ነበር» እላለሁ። «ቆይ እጠራዋለሁ» ትልና ስልኩን ሳትዘጋ ትሮጣለች። ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ውሻ ሲጮህ ይሰማኛል፣ በቋንቋቸው ስትጣራ ይሰማኛል። ከደቂቃዎች በኋላ ጳውሎስ ያለከልካል። በማግስቱ «ታደለችን ነበር» እላለሁ። «ቆይ እጠራታለሁ።»

እዚያ ቀበሌ ኔትዎርክ የሚይዘው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ የእሷ ቤት ያለበት ጉብታ። ስለዚህ ስልክ ያለውም የሌለውም፣ ቁጥር ሲጠየቅ የአስቴርን ይሰጣል። የእኛ አገር ሰው እንዲህ ነው። ቁጥር ማለት የት እንደምትገኝ እንጂ ማን እንደሆንክ አይደለም። እኔው ራሴ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ ቁጥሬ የጎረቤታችን የባለሱቁ ነበር።

መሳቢያውን በርግጄ መዝገቦቹን አወጣሁ። ከቴሌግራሙ ጋር እያስተያየሁ ስሞቹን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ሠላሳ ስምንት ስም፣ ሠላሳ ስምንት የአባት ስም፣ አንድ ስልክ። ከመካከላቸው አንዱ ትዕዛዙን በእሷ ቴሌግራም ስለላከ፣ ሲስተሙ ስሟን ከዚያ አንስቶ ሁሉም ላይ ለጥፎታል። ሠላሳ ስምንት ቤተሰብ አንዲት ሴት ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ያስገባኋቸው ደግሞ እኔ።

መዝገቡን ታቅፌ ጋሽ ጌታሁን ክፍል ገባሁ። አስረዳሁ። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች!

«ሲስተሙ ሰው አይደለም፣ አያዳላም፣ አይዋሽም» አሉ።

«አይዋሽም ጋሼ። የተሳሳተ ነገር የነገርነው እኛ ነን።»

«በቃ! ቴፒ የሸጡት ሰዎችም መዝገብ ላይ ስም ነበራቸው። ስም ማንም ይፈጥራል። ወደ ሥራሽ።»

ወጣሁ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ደግሞ ሚዛን ላይ ሌላ ሥራ መንገድ ዳር ወድቆ አይገኝም። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም። ግን አስቴር ተቆፍሯል ያለችው ጉድጓድ ውሃ ሞልቶ ዓይኔ ላይ ተገተረ። ዝናቡ ገብቷል። ዓርብ ካለፈ ችግኙ ለሌላ ሰው ይሄዳል፤ ለእነሱ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው። አይሆንም አልኩ። ሞቼ ነው ቆሜ!

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጋሽ ጌታሁን ለራሳቸው ማሳም ቢሆን እንደ ማንኛውም ሰው ተመዝግበው፣ ሦስት መቶ ብቻ ነው የሚወስዱት። በዚህ አይታሙም። ማጂ ለሚኖሩት እናታቸውም ጥር ላይ ራሳቸው መጥተው አስመዝግበዋል። እማማ ዘነበች ስልክ የላቸውም። ታዲያ የማንን ቁጥር ሰጡ?

ኮምፒውተሩን ወደ በሩ አዞርኩና «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ቢመጡ» አልኩ። የእሳቸውን ቁጥር አስገባሁ።

ወይዘሮ ዘነበች፣ ማጂ። ሁለት ትዕዛዝ። አንዱ ጸድቋል፣ አንዱ ተሰርዟል። ቀይ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት።»

«ምን ማለትሽ ነው? እናቴ እኮ ናት።»

«ሲስተሙ እርስዎንና እናትዎን አንድ ሰው አድርጓችኋል። ጌታሁን የሚባል ደንበኛ የለንም። እማማ ደግሞ በሁለት ቦታ ተመዝግበው ተይዘዋል። ሲስተሙ አይዋሽም ካሉ እማማ ደላላ ናቸው ማለት ነው።»

ባንኮኒው ጋ የቆመ አንድ ደንበኛ ሳቁ አመለጠው። ጋሽ ጌታሁን ፊታቸው ቀላ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ።

«እናቴ ስልክ የላትም እኮ። በእኔ በኩል ነው የምትገኘው!»

«እነሱስ?»

ማያው ላይ ያለውን ቀይ መልሰው አዩት።

«በይ የእናቴን አስተካክይው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ያኔ ነው ደሜ የፈላው። ተነስቼ ቆምኩ።

«የእናትዎን ብቻ አላስተካክልም» አልኩ። «የእርስዎ እናት ሰው ናቸው፤ የእነሱ እናቶች ምን ሊሆኑ ነው? ወይ ሁሉንም አስተካክላለሁ፣ ወይ አንዱንም አልነካም። ካልሆነ የቢሮውን ቁልፍ ይኸው፣ ይቀበሉኝ።»

ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አኖርኩት። ዓይናችን ተፋጠጠ። ዘወር ብለው ክፍላቸው ገቡና በሩን ድርግም አደረጉት። በቃ፣ ከሥራ ወጣሁ ብዬ ቦርሳዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። ጃንጥላዬን ፍለጋ ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ እንዳልኩ በሩ ተከፈተ።

«ስንት ቀን ይፈጅብሻል?»

«ሁለት።»

«ዓርብ ጠዋት እንዲያልቅ» አሉና ቁልፉን በጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ለቢኒያም ደወልኩ። መጀመሪያ ሳቀ፣ «አርባ ሰው በአንድ ስልክ? እየቀለድሽ ነው!» አለ። እየቀለድኩ እንዳልሆነ ከድምፄ ሲገባው ሳቁን አቆመ።

«የተቀላቀለውን መለየት አይቻልም» አለኝ። «ማፒንጉን ቀይሬ እንደገና ከመጀመሪያው ማስገባት ነው። ታዲያ ስልክ ካልሆነ መለያው ምን ይሁን?»

«ሙሉ ስም ከነአያት፣ ቀበሌና ጎጥ ተጨምሮበት። አብዛኛው መዝገቡ ላይ አለኝ፤ የጎደለውን ጠይቄ እሞላለሁ።»

«ስልኩስ የት ይግባ?»

«አዲስ ሳጥን ሥራልኝ። ‹በማን በኩል ይጠራል› የሚል።»

«እንዲህ ያለ ሳጥን ሲስተሙ ላይ የለም እኮ ሰኒ።»

«የለም ስላልክ ነው ሥራ የምልህ!»

ሠራው። እኔ ረቡዕና ሐሙስ ከወንበሬ አልተነሳሁም። የአስቴርን ቀበሌ ብቻ መሰላችሁ? መዝገቡን ሳገላብጥ በአንድ ቄስ ስልክ የተመዘገቡ አሥራ አንድ ሰዎች፣ በአንዲት ጤና ሠራተኛ ስልክ ዘጠኝ፣ በአንድ ወፍጮ ቤት ስልክ ስድስት አገኘሁ። ሁሉንም አወጣኋቸው። አንድ እውነተኛ ደላላም ያዝኩ፤ ሁለት የተለያየ ስልክ ሰጥቶ በአንድ ስም የተመዘገበ። ሲስተሙ ሰውን በስልክ ቁጥር ይለይ በነበረበት ጊዜ እሱ ንጹሕ ሰው ነበር። ሲስተሙ የያዘው የዋሆቹን ነው። ለጋሽ ጌታሁን ሳሳያቸው የሰውዬውን ስም ሁለት ጊዜ አነበቡት።

ሐሙስ ከሰዓት ለአስቴር ደወልኩ። «ሁሉም ተመልሷል፣ ነገ ይምጡ» አልኳት። እሷም «ሌባ ያሉኝ ሰውዬ ይኖራሉ?» አለችኝ። «ይኖራሉ» አልኳት። «እንግዲያው ሁላችንም እንመጣለን።»

መጡ። ዓርብ ጠዋት አንድ አይሱዙ በር ላይ ቆመ። ኋላው በሰው ግጥም ብሏል። አዛውንቶች አሉ፣ ልጅ ያዘሉ አሉ። በቋንቋቸው እያወሩ ወርደው ግቢውን ሞሉት። ያን ቀን የመጣው ደንበኛ ሁሉ ቆሞ ያያል።

ጋሽ ጌታሁን ወጡ። አስቴር ፊት ለፊታቸው ቆመች። ችግኙን መጫን የጀመሩትን ሠራተኞች በእጇ አስቆመቻቸው።

«መጀመሪያ ስማቸው ይነበብ» አለች ወደ እኔ ዞራ። «ከዚያ ማሽን ላይ ያለው። እሳቸውም ሰው መሆናቸውን ይዩ።»

ዝርዝሩን አትሜ ወጣሁ። ማንበብ ጀመርኩ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። «ጳውሎስ ማርቆስ ወልዴ።» «አለሁ!» «ታደለች አበራ ገብሬ።» «አለሁ!» በስልክ ብቻ የማውቃቸው ድምፆች ፊት አወጡ። አንድ ሽማግሌ ስማቸው ሲጠራ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሠላሳ ስምንቱንም አነበብኩ። ሠላሳ ስምንቱም አሉ።

ጋሽ ጌታሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማክሰኞ ዕለት እዚህ ሰው ፊት ሌባ ብዬሻለሁ» አሉ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ዋሽቻለሁ። ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ከዚያ ሠራተኞቹን «ጫኑ» አለቻቸው።

እሳቸው ዝርዝሩን ከእጄ ወስደው ከላይ እስከ ታች አዩት። እንደገና አዩት።

«አስቴር፣ የአንቺ ስም የለም እኮ። የአንቺ ችግኝ የታለ?»

እኔም ያኔ ነው የነቃሁት። ሁለት ቀን ሙሉ ስሟን ከሠላሳ ስምንት ሰዎች ላይ ስልጥ፣ የእሷ የሚባል አንድም ትዕዛዝ አላየሁም።

«እኔ መሬት የለኝም» አለች፤ ፌስታሉን አንገቷ ላይ እያስተካከለች። «እኔ ያለኝ ስልክ ነው።»

ጋሽ ጌታሁን ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ጎንበስ ብለው የችግኝ ሳጥን አነሱ። ራሳቸው። ጭነቱ እስኪያልቅ አልቆሙም።

አንድ ችግኝ እንኳ ለራሷ ያልፈለገችን ሴት ነው እንግዲህ የሠላሳ ስምንት ሰው ድርሻ ልትበላ ነው ብለን ያዋረድናት። ይህን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል። ቁልፉን ባንኮኒው ላይ ያኖርኩባትን ደቂቃ ሳስብ ግን ቀና እላለሁ።

በቅርቡ ቢኒያም ደወለልኝ። ሲስተሙ ሊታደስ ነው አሉ። «ያቺ ‹በማን በኩል ይጠራል› የምትለዋን ሳጥን ከእናንተ ሌላ የሚጠቀምባት የለም፤ ትውጣ ወይ?» አለኝ።

«ንካትና ጉድህ ይፈላል!» አልኩት።

ሳጥኗ አልወጣችም። ዘንድሮም ትዕዛዝ ሳረጋግጥ ወደዚያ ቁጥር እደውላለሁ። «ጳውሎስን ነበር» እላለሁ። «ቆይ እጠራዋለሁ» ትላለች አስቴር፣ ስልኩን ሳትዘጋ። አሁን ግን ዝም ብዬ አልጠብቅም። ከመሮጧ በፊት «አስቴር፣ አንቺ ራስሽ እንዴት ነሽ?» እላታለሁ።